የክርክሩ ሳቅና የሰብሳቢው ወንበር



በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚያስታውሳቸው ጥቂት የክርክር ርዕሶች አሉ። «ከብዕርና ከጎራዴ ማን ይበልጣል?» «ከገበሬና ከነጋዴ ለአገር የሚጠቅመው ማን ነው?» የሚሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ አዳራሽ የሚያስሞላው ግን «ከወንድና ከሴት ማን ይበልጣል?» የሚለው ነው። ይህ ርዕስ አንዳንድ ጊዜ መልኩን ለወጥ አድርጎ «ለመሪነት የሚበቃው ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ተብሎ ይቀርባል። ሰብሳቢ ሌላ ርዕስ ሲያጣ ወደዚህ ይመለሳል፤ የክበብ አባላት ቁጥር ሲያንስም ይኸው ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ክርክሩ የጨዋታ ክርክር ነው። አድማጩ ሊስቅ ይመጣል፤ ስቆም ይሄዳል። የዚህ ንግግር ዓላማ ሳቁን መንቀፍ አይደለም። ሳቅ የሌለበት የክርክር አዳራሽ ቶሎ ባዶ እንደሚሆን መምህር ሁሉ ያውቃል። ዓላማው ሳቁ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚሸፍን መመርመር ነው። ለምርመራውም መቆሚያ እንዲሆን አንድ ቦታ ተመርጧል፤ ይኸውም ጣርማ በር ነው።

ጣርማ በር በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኝ በር ነው። ደጋው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከበሩ ማዶ ገደሉ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ቆላው ይወርዳል። ጉም በወረደ ጊዜ መንገደኛ ከፊቱ ያለውን መኪና ለማየት ይቸገራል። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ በፋሺስት ወረራ ዘመን የተቆፈረ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ያለፈው በዚህ በር ነበር። ቦታው የተመረጠው ግን ስለ ዋሻው አይደለም። ከዚህ በር ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚያስብ ሰው፣ ለተነሣው ርዕስ የሚሆኑ ምስክሮችን በቅርብ ርቀት ስለሚያገኝ ነው።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ርዕሱ ቀርቦ፣ ክርክሩን ለመስማት የገባ እንግዳ ይታሰብ። ብርዱ ስለሚጠና አድማጩ ጋቢውንና ነጠላውን ተከናንቦ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ከፊት ሁለት ጠረጴዛዎች ትይዩ ተቀምጠዋል፤ በአንደኛው ወንዶች ልጆች፣ በሁለተኛው ሴቶች ልጆች ተሰይመዋል። በመካከል ሰብሳቢው፣ በጎን ሦስት ዳኞች፣ ከእነርሱ አጠገብ ሰዓት ያዡ ደወሉን ይዞ ተቀምጧል።

የወንዶቹ ወገን የመጀመሪያ ተናጋሪ ይነሣል። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሚዛናዊ ፍርድ የምትሰጡ ዳኞች፣ ሰዓቱን በትክክል የምትቆጣጠር ሰዓት ያዥ፣ እውነቱ ጠፍቷችሁ የመጣችሁ ተቃራኒ ወገኖች፤» ብሎ ይጀምራል። ወዲያው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያወርዳል። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ቀጥሎም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሊያስረዳ ፈልጎ፣ «አዳም ከገነት የተባረረው ሔዋን ስለ መራችው ነው!» ይላል። የተቃራኒው ወገን ተናጋሪ ተራዋ ሲደርስ ዝግ ብላ ትነሣና፣ «ሴት መምራት እንደምትችል ስለ መሰከርክልን እናመሰግናለን፤ ወንድም ዝም ብሎ እንደሚከተል ጨምረህ መስክረሃል፤» ትለዋለች። ከዚህ በኋላ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ቢደበድብም ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው አይኖርም።

ክርክሩ እንዲህ እየተወራወረ ይቀጥላል። ደወል ይደወላል። ዳኞች ይመካከራሉ። ውሳኔውም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፦ «ወንድና ሴት እንደ ሁለት ዓይን ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ሁለቱም ወገኖች አሸንፈዋል።» ሁሉም ያጨበጭባል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። አድማጩ ወጥቶ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ልብ የሚል ሰው ሊኖር ይገባል። ሰብሳቢው ወንድ ነበር። ዳኞቹም ከሦስቱ ሁለቱ ወንዶች ነበሩ። ቃለ ጉባኤውን የያዘችው ሴት ነበረች። አዳራሹን ለመጥረግና አግዳሚዎቹን ወደ ክፍል ለመመለስ የቀሩትም ሴቶች ልጆች ናቸው። በአንደበት የተሰጠው የእኩልነት ፍርድ ከአዳራሹ ደጃፍ አልዘለለም።

የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ክርክር ለሴት ልጅ መናገሪያ ይሰጣታል፤ ወንበር ግን አይሰጣትም። መናገሪያው ትልቅ ነገር መሆኑ አይካድም። ሆኖም ልጅቱ በክርክር እያሸነፈች በምርጫ የምትሸነፍ ከሆነ፣ ክበቡ ያስተማራት አንድ መጥፎ ትምህርት አለ፤ እርሱም የሴት ቃል ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር እንደማይፈለግ ነው።

ክርክር ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት «በላ ልበልሃ» የሚባለው የሙግት ሥርዓት ነበር። ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው፣ ነገራቸውን በግጥምና በምሳሌ አጅበው፣ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። የተመልካቹ ደስታ ከፍርዱ ያላነሰ ዋጋ ነበረው። አንደበተ ርቱዕ ሰው በችሎት ዙሪያ ስሙ ይገናል፤ ከዚያም ለሹመት ይታጫል። ስለዚህ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው አባባል የሥራ ክፍፍልን ብቻ የሚናገር አይደለም። ንግግር የሚለመድበትን፣ ስም የሚወጣበትንና ወደ ሹመት የሚያደርሰውን ደጅ ለአንዱ ከፍቶ ለሌላዋ የሚዘጋ አባባል ነው።

ያም ሆኖ በተዘጋው ደጅ ያለፉ ሴቶች አልጠፉም። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ የአባታቸውን ወንበር ተረክበው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ወንበር» የሚለው ቃል የመምህርነትን ሥልጣን የሚያመለክት ነው። እማሆይ ገላነሽ ቅኔ አዋቂ ብቻ ተብለው አልቀሩም፤ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። በማወቅና በወንበር መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ምሳሌ ይታያል።

አሁን ወደ ጣርማ በር መመለስ ይገባል። በአዳራሹ ውስጥ የተሰማው ማስረጃ ተረትና ቀልድ ነበር። ተከራካሪዎቹ ተረቱን ትተው በአካባቢያቸው ያለውን ታሪክ ቢጠሩ ኖሮ ምን ይሰማ ነበር?

የመጀመሪያው ምስክር ደብረ ብርሃን ናት። ከተማዪቱን በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በዜና መዋዕላቸው እንደ ተጻፈው፣ የመንግሥታቸውን አውራጃዎች እንዲያስተዳድሩ ሴቶች ልጆቻቸውንና የቅርብ ዘመዶቻቸው የሆኑ ሴቶችን ሾመው ነበር። ይህ የሆነው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው። ከእኒሁ ንጉሥ ጋር በቤተ መንግሥት የኖሩት የሐዲያ ገዥ ልጅ ንግሥት እሌኒም ከእርሳቸው በኋላ በተከታታይ ነገሥታት ዘመን የተከበሩ አማካሪ ሆኑ። ዐፄ ልብነ ድንግል በልጅነት በነገሡ ጊዜ መንግሥቱን በሞግዚትነት ከያዙት ዋነኛዋ እርሳቸው ነበሩ። የቱርክ ኃይል በቀይ ባሕር መበርታቱን አይተው ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እሌኒ ናቸው።

ሁለተኛዋ ምስክር ሰላ ድንጋይ ናት። ከጣርማ በር ብዙ ሳትርቅ የምትገኘው ይህች ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች። በ1842 እ.ኤ.አ. በዚያ ያለፈው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ፣ እኒህ እመቤት የሸዋን ሰፊ ክፍል ያስተዳድሩ እንደ ነበር ጽፏል። ልጃቸው አንኮበርና አንጎለላ ላይ ሲነግሥ፣ እናት በሰላ ድንጋይ ያስተዳድሩ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ምስክር ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ የሚገኘው የሰገሌ ሜዳ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረው፣ በእንዋሪ የተወለዱት ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው መጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተሸነፉ። በዚያ ሜዳ የወደቀው ብዙ ወታደር የተዋጋው አንዲት ሴት ትንገሥ ወይስ አትንገሥ በሚል ጥያቄ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ቢሆንም አሸናፊው ጦር የቆመው በሴት ስም ነበር። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ።

ከእነዚህ ላይ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን መጨመር አያስቸግርም። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያመጣውን ነገር አጥብቀው የተቃወሙ፣ በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር መርተው የዘመቱ፣ በመቀሌው ምሽግ የጠላት ውኃ እንዲያዝ ያደረጉ ሴት ናቸው።

ይህ ሁሉ በቀረበ ጊዜ ግን የወንዶቹ ወገን መልስ አያጣም። አስተዋይ ተከራካሪ ከመካከላቸው ተነሥቶ፣ «የተጠሩት ሁሉ የንጉሥ ልጅ፣ የንጉሥ እናት ወይም የንጉሥ ሚስት ናቸው። በዘመድ የተገኘ ሥልጣን የሴትን ችሎታ አያስረዳም፤» ሊል ይችላል። ይህ መናቅ የሌለበት መከራከሪያ ነው። መልሱ ግን አጭር ነው፤ ወንዶቹስ የማን ልጆች ነበሩ? ሣህለ ሥላሴ የገዥ ልጅ ባይሆኑ ኖሮ ማን ያነግሣቸው ነበር? ዘመድነት ለሁለቱም በር ከፍቷል። በሩ በተከፈተ ጊዜ ሴቷ አስተዳድራለች፤ አንዳንዷ በደንብ፣ አንዳንዷ በመጠኑ፣ አንዳንዷም በስሕተት፤ ልክ እንደ ወንዱ። እንግዲህ ታሪኩ የሚያስረዳው «ሴት ትበልጣለች» የሚለውን አይደለም። የሚያስረዳው ወንበሩ ሲሰጥ ችሎታው እንደሚታይ፣ ወንበሩ ሲከለከል ደግሞ ችሎታው እንደሌለ እንደሚቆጠር ነው።

አዳራሹ እንዲህ ያለውን መልስ ሲሰማ መሳቁን ይተውና ያዳምጣል። ክርክሩ ትምህርት የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1823 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኦክስፎርድ ዩኒየን የክርክር ማኅበር ሴቶችን በሙሉ አባልነት የተቀበለው ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን ፓኪስታናዊቷ ቤናዚር ቡቶ የዚህ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሯ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። በአሜሪካ በ1924 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር ክበብ ሴቶችን በይፋ የፈቀደው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ሔለን ብላንቻርድ የተባለች ሴት «ሆመር» በሚል የወንድ ስም ተመዝግባ ገብታ ነበር። ይህችው ሴት በ1985 እ.ኤ.አ. የማኅበሩ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆናለች። ስሟን ሰውራ የገባችበትን ክበብ በስሟ መራችው። በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ ለውጥ ያመጣው ስለ ሴት መሪነት የተደረገው ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ሴቷ የክርክሩ ሰብሳቢ መሆኗ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይገኛሉ። በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነው የሠሩ፣ ቴአትርም የጻፉ ሴት ናቸው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ከሰጠ በኋላ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ ሆኑ። ከመምህርነት ወንበር ወደ ሕግ አውጪዎች ወንበር መሻገራቸው ለመምህራን ማኅበር ልዩ ትርጉም አለው።

ከዚያ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም.፣ ከሃያ የሚኒስትርነት ቦታዎች አሥሩ ለሴቶች ተሰጡ። በዚያው ወር 15ኛ ቀን ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ድረስም በቦታው ቆዩ። በዚሁ ወር ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ተባሉ። «ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ተረት በዚያ ሰሞን የችሎቱን የበላይ ወንበር አጣ።

ነገር ግን ከላይ የወረደ ሹመት ብቻውን ከታች ያለውን ልማድ አይለውጥም። በደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆሎ ይዛ ከመኪና ወደ መኪና የምትሮጥ ሴት ገንዘብ ትቆጥራለች፤ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች፤ ቤት ታስተዳድራለች፤ ልጆች ታስተምራለች። «መሪ ናት» የሚላት ግን የለም። ልጇም በክፍል ምርጫ ጊዜ እጇን ለወንድ አለቃ ታወጣለች፤ ራሷ ብትመረጥ ምክትል ወይም ጸሐፊ ትሆናለች። ይህ ነገር የሚለወጠው በአዋጅ ሳይሆን በክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሉም ያለው በዚህ ማኅበር አባላት እጅ ነው።

ስለዚህ ለክርክር ክበብ ኃላፊዎች የሚጠቅሙ ጥቂት አሳቦች ቢቀርቡ ከቦታው የወጣ አይሆንም።

አንደኛ፣ ወገን በዕጣ ይከፈል። ወንድ ልጅ ስለ ሴት መሪነት፣ ሴት ልጅም በተቃራኒው ይከራከሩ። የሌላውን ወገን ነገር በራሱ አንደበት የተናገረ ሰው ከክርክሩ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊያስብ ይቸገራል። እንዲያውም ሳቁ በዚህ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ የርዕሱ አቀራረብ ይታረም። «ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ «እኩል ናቸው» በሚል የማያስጨንቅ መልስ ይዘጋል። በፋንታው «በትምህርት ቤታችን የክፍል አለቆች በአብዛኛው ወንዶች የሆኑት ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ከተረት አይገኝም፤ ቆጥሮና ጠይቆ መምጣትን ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ማስረጃ ከአካባቢ ይፈለግ። ተማሪው የወይዘሮ ዘነበ ወርቅን ስም ሳያውቅ በሰላ ድንጋይ አጠገብ ካደገ፣ ጉድለቱ የእርሱ አይደለም።

አራተኛውና ዋናው፣ የሰብሳቢነቱ ወንበር በየተራ ይያዝ። ልጅቱ ለሦስት ደቂቃ ተናግራ ከመቀመጥ አልፋ፣ ለአንድ ሰዓት ሥርዓት ታስከብር፤ ደወል ታስደውል፤ የወንዱንም የሴቷንም ንግግር ታቋርጥ፤ ስትሳሳትም ታርመው ዘንድ ዕድል ይሰጣት። መሪነት የሚለመደው በመምራት ነው። መጥረጊያውም እንደ ወንበሩ በየተራ ቢያዝ የክበቡ ትምህርት ሙሉ ይሆናል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በጣርማ በር የሚያልፍ መንገደኛ በዋሻው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ በጨለማ ይጓዝና በድንገት ወደ ብርሃን ይወጣል። ከዋሻው በፊት ሰው ተራራውን እየዞረ፣ ገደሉን እየፈራ ይሻገር ነበር። ማለፊያ ሲበጅለት ግን ተራራውን «አይታለፍም» የሚለው አልተገኘም። ተራራው ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው የመንገዱ መከፈት ነው።

የክርክሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሳቁ ይቀጥል፤ ሔዋንና አዳምም ይከሰሱ፣ ይከራከሩ። ደወሉ ተደውሎ አድማጩ ሲወጣ ግን፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ክርክር የምትመራው ማን እንደ ሆነች ስሟ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይገኝ።